«እሱን ያወጣሁት እኔ ነኝ» ሲሉን፦ የሙዚቃ ኩባንያ ኃላፊን የሥራ ታሪክ እንዴት እናጣራ?

አንዲት ወጣት ዘፋኝ ሁለት ሥራ ዩቲዩብ ላይ ለቀቀች እንበል። ጥሩ ተደመጠላት። ብዙም ሳይቆይ መልእክት ይመጣላታል። ላኪው የሙዚቃ ኩባንያ ፕሬዚዳንት ነኝ ይላል። ዋሽንግተን፣ ለንደን ወይም ዱባይ ነው ያለሁት ይላል። ገጹ ላይ ከታዋቂ ሰዎች ጋር የተነሳቸው ፎቶዎች ሞልተዋል። ስሙ ሥር «ሥራ አስፈጻሚ» የሚል ተጽፏል። ውሉን አብሮ ልኮታል፤ እስከ ዓርብ ይፈረም ብሏል።

ሰውየው እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ብዙዎች እውነተኞች ናቸው። ግን ያቺ ልጅ የምትፈርመው ድምፅዋን ነው። ምናልባት ለአሥር ዓመት፣ ምናልባት ለዘላለም። ስለዚህ የሰውየውን የሥራ ታሪክ ማወቅ መብቷ ነው። እሷ ብቻ ሳትሆን ስለ እሱ የሚጽፍ ጋዜጠኛ፣ አብሮት መሥራት የሚፈልግ አቀናባሪ፣ ለኮንሰርት ገንዘብ የሚያወጣ ነጋዴም ማወቅ አለባቸው።

ችግሩ አብዛኞቻችን የምናየው ፎቶውንና የተከታዩን ብዛት ነው። ፎቶ የሚያሳየው ሁለት ሰዎች አንድ ቦታ እንደተገናኙ ብቻ ነው። ተከታይ ደግሞ በገንዘብ ይገዛል።

እኔ የማምንበት መንገድ ቀላል ነው። ሰውየው ስለ ራሱ ከሚናገረው ይልቅ፣ እሱን ለማስደሰት ምንም ምክንያት የሌለው ወገን የመዘገበውን ፈልጉ። የንግድ መዝገብ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የአልበም ሽፋን፣ የቅጂ መብት ምዝገባ፣ የድሮ ጋዜጣ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ከእሱ ጋር የፈረሙ ዘፋኞች ገንዘባቸውና መብታቸው የት ደረሰ? ለእኔ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ማንም ያላጣራው ሰው

ሉ ፐርልማን የሚባለውን አሜሪካዊ ብዙዎች በስም ላያውቁት ይችላሉ። ያቋቋማቸውን ቡድኖች ግን በ1990ዎቹ ሙዚቃ የሰማ ሁሉ ያውቃል (ካልተባለ በቀር እዚህ ያሉት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ባክስትሪት ቦይስንና ኤንሲንክን ከኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ ተነስቶ ለዓለም ያስተዋወቀው እሱ ነው።

ፐርልማን ወደ ሙዚቃ ሲገባ ሀብታም የአቪዬሽን ነጋዴ ተብሎ ነበር። ትራንስ ኮንቲኔንታል የሚባል አየር መንገድ አለኝ ይል ነበር። የዘፋኙ የአርት ጋርፈንክል ያጎት ልጅ ነኝም ይል ነበር። የሚገርመው ይህኛው እውነት ነው፤ ዘመዱ ነበር። የአየር መርከብ ኩባንያ የነበረውም እውነት ነው። ብዙ ሰው የሚታለለው እንዲህ ነው። ከአሥሩ ወሬ ሦስቱ እውነት ሆኖ ሲገኝ፣ የቀረውን ሰባት ማንም አያጣራውም።

አየር መንገዱ በአብዛኛው ወረቀት ላይ ብቻ የነበረ ነው። ፐርልማን ይህንን ወረቀት ይዞ ከተራ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ጡረተኞች፣ ከ20 ዓመት በላይ ገንዘብ ሰበሰበ። የአዲሱን ሰው ገንዘብ ለአሮጌው እየከፈለ ነው የቆየው። ሂሳቡን ይመረምራል የተባለው ድርጅት በእውነቱ የሌለ ነበር። ገንዘባችሁ ዋስትና አለው ብሎ የሚያሳየው ሰነድም የሐሰት ነበር። በ2007 ኢንዶኔዥያ ባሊ ደሴት ላይ ተያዘ። በ2008 ጥፋቱን አመነና 25 ዓመት ተፈረደበት። የተጭበረበረው ገንዘብ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። በ2016 እስር ላይ እያለ ሞተ።

ማጭበርበሩ ከመጋለጡ ወደ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ግን ዘፋኞቹ ራሳቸው ጮኸው ነበር። የባክስትሪት ቦይስ ልጆች ውላቸውን በጠበቃ ሲያስመረምሩ ፐርልማን ሥራ አስኪያጅና ፕሮዲዩሰር ሆኖ ከሚወስደው በላይ፣ እንደ ስድስተኛ የቡድኑ አባል ድርሻ እንደሚወስድ አወቁ። ከሰሱት። ቀጥሎ ኤንሲንክም ፍርድ ቤት ሄደ። እነዚህ ክሶች በድብቅ አልነበሩም። ጋዜጣ ላይ ወጥተዋል። መዝገቡም ክፍት ነበር።

ከዚያ በኋላም ግን ሌሎች ወጣቶች ከእሱ ጋር ፈርመዋል። ሌሎች ሰዎችም ገንዘብ ሰጥተውታል። አሜሪካ ውስጥ የአውሮፕላን ምዝገባ ማንም ሊያየው ይችላል። አየር መንገድ አለኝ ያለ ሰው ስንት አውሮፕላን በስሙ እንዳለ መጠየቅ ከባድ አልነበረም። የሂሳብ መርማሪ ፈቃድም በየግዛቱ ይመዘገባል። ማስረጃው ሁልጊዜ እዚያው ነበር። የጠፋው የሚያየው ሰው ነው።

«ያወጣሁት እኔ ነኝ» ምን ማለት ነው?

በሙዚቃ ሥራ ውስጥ የተለመደው ማጋነን ፍጹም ውሸት አይደለም። በብዙ ሰው የተሠራን ሥራ ለብቻ መውሰድ ነው። ይህንን ለመረዳት ማን ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

በትልልቅ የውጭ ኩባንያዎች ውስጥ አዳዲስ ዘፋኝ ፈልጎ የሚያመጣ ክፍል አለ። ኤ ኤንድ አር ይሉታል። ከእሱ በላይ ገንዘቡን የሚፈቅድ ፕሬዚዳንት አለ። ዘፋኙን ወክሎ የሚደራደረው ማናጀር ነው። ኮንሰርት የሚይዝለት ኤጀንት ነው። ኮንሰርቱን በራሱ ገንዘብ የሚያዘጋጀው ፕሮሞተር ነው። የግጥምና የዜማ መብት የሚያስተዳድረው ደግሞ ሌላ ነው፤ ፐብሊሸር ይባላል። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ይህንን ሁሉ ይጠቀልለዋል። ገንዘቡን ያወጣው የሙዚቃ ቤት ባለቤትም ፕሮዲዩሰር ይባላል፣ ስቱዲዮ ውስጥ ድምፁን የሠራውም እንዲሁ። ስለዚህ «የእገሌን አልበም ፕሮዲውስ አድርጌያለሁ» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ፣ ገንዘብ ነው ያወጣኸው ወይስ ሥራውን ነው የሠራኸው ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ብሩስ ስፕሪንግስቲንን ተመልከቱ። በ1972 ኒው ዮርክ ሄዶ የዘፈነው ኮሎምቢያ ሪከርድስ ውስጥ ጆን ሃመንድ ፊት ነው። ሃመንድ ወደደው። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ክላይቭ ዴቪስ ደግሞ አጸደቀው። ማን አወጣው? ሁለቱም አውጥተውታል ማለት ይቻላል። ዊትኒ ሂውስተንን በ1983 ያስፈረመው ይኸው ክላይቭ ዴቪስ ነው፤ ያኔ የአሪስታ ሪከርድስ ኃላፊ ነበር። ክለብ ውስጥ ሲሰማት ተደንቆ ለዴቪስ የነገረው ግን ጄሪ ግሪፊት የሚባል የኩባንያው ባልደረባ ነው። የግሪፊትን ስም ስንቱ ያውቀዋል?

የአንድን ኃላፊ ታሪክ ስታጣሩ እያንዳንዱን ትልቅ ስም ወስዳችሁ ሦስት ነገር አስቀምጡ፤ በየትኛው ዓመት፣ በምን የሥራ ድርሻ፣ የት ተጽፎ። ዓመቱ ብዙ ያጋልጣል። ሰውየው ኩባንያው ውስጥ የገባው በ2012 ከሆነ፣ በ2009 የወጣውን አልበም እሱ አላወጣውም። እንዲህ ያለ የዓመት ግጭት ከምታስቡት በላይ በቀላሉ ይገኛል።

ሽልማትና ሽያጭ

«ለግራሚ የታጨ» የሚለው አባባል በኛም መንደር በዝቷል። የግራሚ ሽልማትን የሚሰጠው የሪኮርዲንግ አካዳሚ በድረ ገጹ ላይ የአሸናፊዎችንና የእጩዎችን ዝርዝር በስም እንዲፈለግ አድርጎ አስቀምጧል። ማንም ገብቶ ማየት ይችላል። ስሙ ከሌለ እጩ አልነበረም።

ግርታው የሚመጣው እጩነትና ማስገባት ስለሚምታቱ ነው። በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሥራዎች ለውድድር ይገባሉ። ኩባንያ ወይም አባል ያስገባቸዋል። ገባ ማለት ታጨ ማለት አይደለም። የአካዳሚው አባል መሆንም ሽልማት አይደለም። እጩ በሆነ አልበም ላይ ከበሮ የመታ ሰው ደግሞ ተሳትፎው እውነት ነው፤ ግን በስሙ ታጭቷል ለማለት ዝርዝሩ ላይ መኖር አለበት።

የወርቅና የፕላቲነም ሽልማትም እንዲሁ ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህንን የሚሰጠው የቀረጻ ኢንዱስትሪው ማኅበር ነው። ወርቅ 500,000፣ ፕላቲነም 1 ሚሊዮን፣ ዳይመንድ 10 ሚሊዮን ነው። ዝርዝሩ ድረ ገጹ ላይ አለ። አንድ ነገር ግን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ኩባንያው ካልጠየቀና ካልከፈለ ሰርተፊኬቱ አይሰጥም። ስለዚህ አለመኖሩ አልተሸጠም ማለት ላይሆን ይችላል። መኖሩ ግን ማረጋገጫ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የወርቅ ሸክላ ፎቶ ብቻውን ማረጋገጫ አይደለም። ማንም ሰው አሠርቶ ይሰቅለዋል።

«በእገሌ መጽሔት ተጽፎልኛል» የሚለውንም ቀስ ብላችሁ እዩት። ተከፍሎባቸው የሚወጡ ጽሑፎች አሉ። ፎርብስ እንኳ አባላት ዓመታዊ ክፍያ ከፍለው የሚጽፉበት ካውንስል የሚባል ክፍል አለው። አርታኢ ልኮ ያስጻፈው ዘገባና ሰውየው ከፍሎ የጻፈው ጽሑፍ አንድ ገጽ ላይ ሲቀመጡ ይመሳሰላሉ። ከርዕሱ በላይና ከጸሐፊው ስም ጎን ያለውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ።

መዝገቦቹ የት አሉ?

ሰውየው እንግሊዝ አገር ኩባንያ አለኝ ካለ ሥራችሁ ቀሏል። ካምፓኒስ ሃውስ የሚባለው የመንግሥት መዝገብ በነፃ ይታያል። የሰውየውን ስም ብትጽፉ በየትኞቹ ኩባንያዎች ዳይሬክተር እንደነበረ፣ መቼ እንደገባ፣ መቼ እንደለቀቀ፣ የትኞቹ እንደተዘጉ ይወጣል። ዓመታዊ ሂሳባቸውም አለ። ዳይሬክተር እንዳይሆኑ የታገዱ ሰዎች ዝርዝርም ለብቻው አለ። በስድስት ዓመት አምስት ኩባንያ ከፍቶ አምስቱም ሂሳብ ሳያቀርቡ ከተዘጉ አንድ ነገር ይነግራችኋል። ጥንቃቄው ግን፣ የተመዘገበ ማለት የተረጋገጠ ማለት አይደለም። ለረጅም ዓመታት ማንም ሰው ቅጹን ሞልቶ፣ ጥቂት ፓውንድ ከፍሎ ኩባንያ ማቋቋም ይችል ነበር።

አሜሪካ ውስጥ አንድ ማዕከላዊ መዝገብ የለም። እያንዳንዱ ግዛት የራሱ አለው። ፍሎሪዳ የኃላፊዎቹን ስም በነፃ ያሳያል። ደላዌር ግን ባለቤቱንም ኃላፊውንም በድረ ገጹ ላይ አያሳይም። ኩባንያው እዚያ ተመዝግቧል ማለት በራሱ ጥፋት አይደለም፤ በጣም ብዙ ትልልቅ ኩባንያዎች እዚያ ናቸው። ብቻ እዚያ ብዙ አታገኙም።

ሰውየው በትልልቆቹ ኩባንያዎች ውስጥ በከፍተኛ ቦታ ሠርቻለሁ ካለ ሌላ መንገድ አለ። ዋርነር ሚውዚክ ከ2020 ጀምሮ በአሜሪካ አክሲዮን ገበያ ይገበያያል። ዩኒቨርሳል ሚውዚክ ከ2021 ጀምሮ አምስተርዳም ላይ ይገበያያል። እንዲህ ያሉ ኩባንያዎች የዋና ዋና ኃላፊዎቻቸውን ስምና ክፍያ በየዓመቱ ለሕዝብ ይገልጻሉ። «የዋርነር የአፍሪካ ኃላፊ ነበርኩ» የሚል ሰው ሹመቱ በወቅቱ በኢንዱስትሪው ጋዜጦች ይወጣ ነበር። ሹመቱ ሲወጣ አንድም ቦታ ካልተጻፈ ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

ሥራዎቹን በተመለከተ ደግሞ አስካፕና ቢኤምአይ የሚባሉት፣ ለዘፈን ደራሲያን ክፍያ የሚሰበስቡ የአሜሪካ ድርጅቶች በጋራ የከፈቱት ሶንግቪው የሚባል መፈለጊያ አለ። አንድ ዘፈን የማን ግጥምና ዜማ እንደሆነ፣ መብቱን የሚያስተዳድረው ማን እንደሆነ፣ በየድርጅቱ በኩል ያለው ድርሻ ስንት በመቶ እንደሆነ ያሳያል። እዚህ ላይ ነው ትክክለኛው ነገር የሚወጣው። ማናጀር የነበረ ሰው ምንም ሳይጽፍ በዘፋኞቹ ዘፈን ሁሉ ላይ የደራሲ ድርሻ ይዞ ካገኛችሁት ቆም በሉ። አንዳንዴ ትክክለኛ ምክንያት ይኖረዋል። ብዙ ጊዜ ግን ዘፋኙ ሳያውቅ የፈረመው ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ የንግድ ፈቃድን በንግድ ሚኒስቴር የኢንተርኔት አገልግሎት በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማየት ይቻላል። ስለዚህ ቲን ቁጥር ጠይቁ። ፈቃዱ በምን ዘርፍ እንደሆነ እዩ። «የሙዚቃ ኩባንያ» ተብሎ ፈቃዱ ግን የአስመጪና ላኪ ብቻ ከሆነ ማብራሪያ ይፈልጋል። ውጭ አገር ወስጄ አዘፍንሃለሁ የሚል ካለ ደግሞ የቪዛውን ነገር ጠይቁት። አሜሪካ ለባህል ሙዚቀኞች የምትሰጠው ፒ 3 የሚባል ቪዛ አለ። ይህንን ቪዛ ዘፋኙ ከባዶ ተነስቶ አይጠይቅም። አሜሪካ ያለ ቀጣሪ ወይም ወኪል አስቀድሞ ለኢሚግሬሽን ማመልከቻ ያስገባል፤ መቀበያ ደረሰኝም ይሰጠዋል። ከእናንተ ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት ያንን ደረሰኝ ማሳየት ይችላል። ከዚህ ቀደም ሰው ያመጣ ከሆነም ያመጣቸው ሰዎች በሕይወት አሉ፤ ደውላችሁ ጠይቁ።

በነገራችን ላይ «የራሴ ሌብል አለኝ፣ ስፖቲፋይ ላይ አለ» የሚለው ነገር ዛሬ ምንም አይደለም። በዓመት ጥቂት ዶላር ከፍሎ ማንም ሰው ዘፈን ይለቃል፤ በሌብሉ (በአሳታሚው) ቦታም የፈለገውን ስም ይጽፋል። ከስሙ ጫፍ «ሪከርድስ» የሚል ቃል መኖሩ የሰው ቢሮ፣ ገንዘብ ወይም ልምድ አያሳይም።

ክስ ስታገኙ እስከ መጨረሻው ተከተሉት

የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች መዝገብ ፔሰር በሚባለው ሥርዓት ይታያል። ለገጽ 10 ሳንቲም ያስከፍላል፤ አንድ ሰነድ ከ3 ዶላር አይበልጥም። በሦስት ወር ውስጥ የተጠቀማችሁት ከ30 ዶላር ካላለፈ ደግሞ አይከፈልም። ኮርትሊስነር የሚባል ድረ ገጽም ብዙ ሰነድ በነፃ ያሳያል። የግዛት ፍርድ ቤቶች መዝገብ ለብቻው ነው። በኢትዮጵያ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ውሳኔዎች በቅጽ በቅጽ ታትመው ይወጣሉ።

ክስ ማግኘት ግን የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ክላይቭ ዴቪስን እንደገና እናምጣው። በ1973 የኮሎምቢያ ሪከርድስ ባለቤት የሆነው ሲቢኤስ በድንገት አባረረው። ወደ 94,000 ዶላር የኩባንያ ገንዘብ ለግሉ አውሏል ብሎ ከሰሰው። በ1975 የፌዴራል መንግሥት በግብር ጉዳይ በስድስት ክሶች ከሰሰው። እዚህ ላይ ያቆመ አንባቢ «ሌባ ነው» ብሎ ይሄዳል። የቀጠለ ሰው ግን በአንዱ ክስ ጥፋተኛ ነኝ እንዳለ፣ የቀሩት አምስቱ እንደተነሱ፣ ቅጣቱም 10,000 ዶላር እንደነበረ ያነባል። በመሀሉ ደግሞ በ1974 አሪስታን አቋቁሟል። ከዚያ ወዲያ የሠራው የሚታወቅ ነው።

ይህ ዴቪስን ነፃ ለማውጣት አይደለም። ጥፋቱም አለ፣ ሥራውም አለ፣ ሁለቱም በመዝገብ ላይ ናቸው። ክሱን ብቻ የሚጠቅስ ሰው ግማሽ ታሪክ ነው የሚያወራው። «ምንም ችግር ገጥሞት አያውቅም» የሚልም እንዲሁ። ክስ ስታገኙ ማን ከሰሰ፣ በምን፣ መቼ፣ በምን አለቀ ብላችሁ ጠይቁ። በስምምነት ያለቀ ክስ ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም። በሙዚቃ ሥራ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የቆየ ሰው አንድ ሁለት ክስ ቢኖርበት አይገርምም። የሚያስደነግጠው ተመሳሳይ ክስ ከተለያዩ ዘፋኞች ደጋግሞ ሲመጣ ነው። ፐርልማን ላይ የሆነው ይሄው ነበር።

የኛ አገር መዝገብ

የኛን ሙዚቃ ታሪክ ለሚያጣራ ሰው ሥራው ከባድ ነው። ከባድ ግን አይቻልም ማለት አይደለም። አማሃ እሸቴን እንውሰድ። አማሃ ሪከርድስን በ1969 ሲጀምር ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ቴአትር የተሰጠ ነበር። አማሃ የሸክላ ሱቅ ያለው ወጣት ነበር። ያንን መብት ተጋፍቶ ዓለማየሁ እሸቴን ቀረጸ። ሸክላው የታተመው ህንድ አገር ነው። እስከ 1975 ድረስ ወደ መቶ የሚጠጉ ነጠላ ሸክላዎችና አንድ ደርዘን ያህል ኤልፒ (ብዙ ዘፈን የያዘ ትልቅ ሸክላ) አወጣ። ደርግ ሲመጣ አሜሪካ ገባ። በ2021 አረፈ።

ይህንን ሁሉ እንዴት እናውቃለን? እሱ ስለነገረን ብቻ አይደለም። ሸክላዎቹ አሉ። እያንዳንዱ ላይ የኩባንያው ስምና የመለያ ቁጥር ታትሟል። ሰብሳቢዎች አንድ በአንድ ዘርዝረዋቸዋል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ ኢትዮፒክስ በሚለው ተከታታይ ሲያወጣቸው የአማሃ ስም አብሮ ወጣ። የዘፈኑት ሰዎች፣ ያጀቡት ሙዚቀኞች መስክረዋል። ሸክላው፣ ዝርዝሩና ምስክሩ ሲገጥሙ ታሪኩ ቆመ ማለት ነው።

የካሴት ዘመን ግን ሌላ ነው። ብዙ ሽፋን ላይ ዓመት የለም። ቤዝ የመታው፣ ኪቦርድ የተጫወተው አልተጻፈም። ሙዚቃ ቤቱ ተዘግቷል፤ ባለቤቱ አገር ለቋል። ዛሬ አንድ ሰው «ያንን ካሴት ያሳተምኩት እኔ ነኝ» ቢል ማነው የሚያረጋግጠው? ሽፋኑን ፈልጉ። አከፋፋዩ ከጀርባው ይጻፋል። አቀናባሪውን ጠይቁ፤ አቀናባሪዎች የከፈላቸውንም ያልከፈላቸውንም አይረሱም። የአዲስ ዘመንና የሌሎች ጋዜጦች የድሮ እትሞች ወመዘክር ይገኛሉ። የአልበም ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው።

የዘመን አቆጣጠሩን ነገር በጣም ልብ በሉ። ሽፋኑ ላይ 1985 የሚል ካሴት በአውሮፓውያኑ 1992 ወይም 1993 ነው። አንዱ ሰው በሲቪው ላይ ግማሹን በኢትዮጵያ፣ ግማሹን በአውሮፓ አቆጣጠር ቀላቅሎ ይጽፋል። ውሸት ሳይኖር ሰባት ስምንት ዓመት ይዛነፋል። ውሸት ሲኖር ደግሞ ይህ ክፍተት ጥሩ መደበቂያ ይሆናል። ከመፍረዳችሁ በፊት በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ አረጋግጡ።

ስምም እንዲሁ ነው። የኛ ሰው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱን ስም በአራት አምስት ዓይነት ታገኙታላችሁ። መሐሙድ፣ ጌታቸው፣ ዓለማየሁ እንዴት እንደሚጻፉ ሞክሩት። የውጭ መዝገቦች ደግሞ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስዳሉ፤ አንዳንዴ የአያትን ይወስዳሉ። ስለዚህ አንድ አጻጻፍ ፈልጋችሁ ስታጡ «የለም» አትበሉ። ያው ስም ያለው ሌላ ሰውም ይኖራል። የተስፋዬ አበበን ክስ የሌላው ተስፋዬ አበበ ላይ መለጠፍ ከባድ በደል ነው። የተወለደበት ዓመት፣ ከተማው፣ የኩባንያው አድራሻ እስኪገጥም ጠብቁ።

ወደ ሰው መደወል

መዝገብ የማይነግራችሁ ብዙ ነገር አለ። ክፍያ በሰዓቱ ይመጣ ነበር? ሂሳቡን ስትጠይቁ ያሳያል? ሲጣላስ እንዴት ነው? ይህንን የሚያውቁት አብረውት የሠሩ ሰዎች ናቸው። ሰውየው ራሱ የሰጣችሁን ስም ብቻ አትጠይቁ፤ እነሱ መርጦ የሰጣችሁ ናቸው። ከአልበም ሽፋን ላይ ስማቸውን አግኝታችሁ፣ እሱ ያልጠቀሳቸውን ጠይቁ። በተለይ ከእሱ የተለዩትን። ጥያቄያችሁ «እንዴት ያለ ሰው ነው?» አይሁን። ለዚያ የሚመጣው መልስ ሐሜት ወይም ምርቃት ነው። «ከአልበሙ በኋላ የሽያጭ ሂሳብ ስንት ጊዜ ደረሰህ? የዩቲዩብ ቻናሉ አሁን በማን እጅ ነው? የማስተሩ (የዋናው ቀረጻ) ቅጂ ማን ጋ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ዛሬ ዘፋኞቻችን የሚጎዱት በዩቲዩብ ቻናል ጉዳይ ነው። ዘፈኑ በሰውየው ቻናል ይጫናል፤ ገቢው ለእሱ ይገባል፤ ዘፋኙ ሲለይ ዘፈኑ እዚያው ይቀራል።

ይህንን ሁሉ ስትጠይቁ ከሥራው አትውጡ። የማን ልጅ ነው፣ ከየት ነው የመጣው፣ ስንት ጊዜ አገባ፣ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሰው ነው የሚለው የሥራ ታሪክ አይደለም። የቤቱ አድራሻና ልጆቹም አይመለከቷችሁም። እኛ ዘንድ ሰው ስናጣራ ቶሎ ወደዚያ እንሄዳለን፤ ያም ብዙ ንጹሕ ሰው ጎድቷል። ያገኛችሁትንም ቲክቶክ ላይ ከማውጣታችሁ በፊት ለሰውየው አሳዩት። «ይህንን ዓመት አላገኘሁትም፣ እዚህ ላይ ይጋጭብኛል» በሉት። ሐቀኛ ሰው ወረቀት ያወጣል ወይም ስሕተቱን ያርማል። ሲቆጣና «አታምኑኝም እንዴ?» ሲል ግን የጠየቃችሁት ነገር ገና መልስ እንዳላገኘ እወቁ።

አንዳንዴ ሁሉን ፈልጋችሁ ምንም አታገኙም። ሰውየው ጀማሪ ነው። ያ ጥፋት አይደለም፤ አማሃም የመጀመሪያውን ሸክላ ሲያወጣ የሚያሳየው ያለፈ ታሪክ አልነበረውም። እንዲህ ከሆነ ውሉን በልኩ አድርጉት። አሥር ዓመት ከሚል አንድ አልበም ወይም አንድ ዓመት ይሁን። ማስተሩ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ወደ ዘፋኙ ይመለስ። የቻናሉ መግቢያ በሁለታችሁም እጅ ይሁን። ሂሳብ በየስድስት ወሩ በጽሑፍ ይቅረብ፤ ዘፋኙም በሂሳብ ባለሙያ የማስመርመር መብት ይኑረው። የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የኢኮኖሚ መብትንና (በሥራው ገቢ የማግኘት) የሞራል መብትን (በሥራው በስም የመጠቀስ) ለይቶ ያስቀምጣል፤ ውሉ ላይ የሚሰጠው የትኛው እንደሆነ፣ ለስንት ጊዜና ለየትኛው አገር እንደሆነ በቃል ሳይሆን በአንቀጽ ይጻፍ። «እስከ ዓርብ ፈርሚ» ያለው ሰው ደግሞ ጠበቃ እስኪያነበው ሰኞን ይጠብቅ።